ጥይት በቁጥር ነው፤ ለአደን ባሕር ማዶ ሲበሩ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ሚዛኑ 5.4 ኪሎ አለ። ባንኮኒው ላይ ያለችው ሠራተኛ ትንሿን የብረት ሳጥን አንስታ መልሳ አስቀመጠቻት፤ ያው 5.4። «ጥይቱ ከ5 ኪሎ በልጧል» አለችኝ። አጠገቤ የቆመው የአጎቴ ልጅ መልሱን አዘጋጅቶ ይጠብቅ ነበርና በአማርኛ ጣልቃ ገባ፦ «ሁለት ነን እኮ! ሁለታችን 10 ኪሎ ይገባናል፣ ንገራት እንጂ።» ነገርኳት። ፈገግ አለች፤ ይህን ሙግት የሰማችው ከእኛ ብቻ እንዳልነበረ ያስታውቅባታል።

ያ ቀን ከዴንቨር ወደ ጆሃንስበርግ ጠመንጃ ይዤ ለመጀመሪያ ጊዜ የበረርኩበት ነው። ከዚያ ወዲህ ናሚቢያንም አይቻለሁ። ኮሎራዶ ተራራ ላይ አብረውኝ ኤልክ የሚባለውን ትልቅ የአጋዘን ዘር የሚያድኑ ጓደኞቼ አፍሪካ ለመሄድ ሲያስቡ ይደውሉልኛል፤ የሁሉም የመጀመሪያ ጥያቄ ስለ ጠመንጃው ነው። እኔን ያንገላታኝ ግን ጠመንጃው አልነበረም። ጠመንጃ ትልቅ ነው፣ አንድ ነው፣ የት እንዳስቀመጡት አይጠፋዎትም። ጥይት ትንሽ ናት፤ ትንከባለላለች፣ ኪስ ውስጥ ትቀራለች፣ ካርቶን ውስጥ ስንት እንዳለች ይረሳል። በየአገሩ የገጠመኝ ፖሊስና የጉምሩክ ሠራተኛ ደግሞ በስተመጨረሻ የሚጠይቀኝ አንድ ነገር ነበር፦ «ስንት ፍሬ ነው?»

ጥይቱን መዝኖ ሳጥኑን መርሳት

አያታ የሚባለው የዓለም አየር መንገዶች ማኅበር ባወጣው የአደገኛ ዕቃዎች ደንብ መሠረት፣ አንድ መንገደኛ ለራሱ መጠቀሚያ መያዝ የሚችለው ጥይት እስከ 5 ኪሎ ነው። እሱም አየር መንገዱ ሲፈቅድ፣ ለጭነት በሚሰጠው ሻንጣ ብቻ። የሚፈነዳ ወይም የሚያቃጥል አረር ያለው ጥይት ጭራሽ አይገባም። ብዙ ሰው የሚስተው ታዲያ ይህ 5 ኪሎ ጥቅል ክብደት መሆኑን ነው፤ ካርቶኑ፣ ፕላስቲኩ፣ ሳጥኑ፣ ሁሉም ተደምሮ ነው የሚመዘነው።

የእኛን ሂሳብ ልንገርዎ። የ375 ኤች ኤንድ ኤች (ከበድ ያለ የጥይት ዓይነት ነው) ሃያ ፍሬ የያዘ ፓኬት አንድ ኪሎ ለመሙላት ትንሽ ነው የሚጎድለው። የ30-06 ፓኬት ከ600 ግራም ብዙም አይርቅም። እኔ 60 ፍሬ የ375፣ የአጎቴ ልጅ 60 ፍሬ የ30-06 ይዘናል፤ ጥይቱ ብቻውን ወደ 4.6 ኪሎ ነው። በዋዜማው ሌሊት ቤት ውስጥ የመዘንኩት ይህንን ነበርና ልቤ ሙሉ ነበር። ቀሪው 800 ግራም ከሃርድዌር ሱቅ «ለክፉም ለደጉም ጠንካራ ይሁን» ብዬ የገዛሁት የብረት ሳጥን ነው። ለአደን ጥይት ያን ያህል ብረት አያስፈልግም። ለጥይት ተብሎ የተሠራ የፕላስቲክ ሳጥን፣ ወይም ጥይቱ ከፋብሪካ የመጣበት ካርቶን ራሱ ይበቃል። የአሜሪካ የትራንስፖርት ደኅንነት መሥሪያ ቤት ከካርቶን፣ ከእንጨት፣ ከፕላስቲክም ሆነ ከብረት የተሠራ ቢሆን ይቀበላል፤ የሚፈልገው ለጥይት መያዣ ተብሎ የተዘጋጀ መሆኑን ነው።

የእጅ ሚዛን 10 ዶላር ገደማ ነው። ሳጥኑን ዘግተው፣ ጓጉንቸሩን አስረው፣ ከዚያ ይመዝኑ።

የሁለት ሰው ጥይት በአንድ ሳጥን

ወደ ባንኮኒው ልመለስ። ለካ ክብደቱን ባናሳልፍ እንኳ ሌላ ጥፋት ሠርተናል፤ ደንቡ የሁለት መንገደኛ ድርሻ በአንድ ጥቅል እንዲደመር አይፈቅድም። ባልና ሚስትም ሆኑ አባትና ልጅ፣ እያንዳንዱ የየራሱን ጥይት በየራሱ ስም በተመዘገበ ሻንጣ ነው የሚይዘው። የአጎቴ ልጅ «አንድ ቤተሰብ ነን» ቢልም የሚሰማው አላገኘም።

የፈረቃው ኃላፊ መጥታ ወደ ጎን ወሰደችን። ፓኬቶቹ እንደታሸጉ ስለነበሩ ሦስቱን የ30-06 ፓኬት አውጥተን እሱ ሻንጣ ውስጥ፣ ሹራቡ መሀል አስገባን፤ ቁልፍም ገዝቶ ቆለፈበት። ጥይቶቹን ከፋብሪካ ካርቶናቸው አውጥተን ቀላቅለን ቢሆን ኖሮ ያን ሁሉ ሰው ፊት 120 ፍሬ መሬት ላይ ስንለቅም ይታየኛል።

ዝናር ሞልቶ መነሳት

እኛ ዘንድ ጥይት ማብዛት ክብር ነው። አያቴ ግድግዳ ላይ የሰቀሉት ዝናር አንድ ቀዳዳው ባዶ ከሆነ ያሳፍራቸው ነበር ይባላል። ያ ልማድ ይመስለኛል ሻንጣ ስንሸክፍ እጃችንን የሚይዘው።

አሁን የአገሮቹን ቁጥር ይመልከቱ። የአሜሪካ ሕግ ለዜጋና ለግሪን ካርድ ባለቤት፣ ለግል መጠቀሚያው ከሆነ፣ ልዩ የኤክስፖርት ፈቃድ ሳያስፈልገው እስከ 1,000 ፍሬ ይዞ እንዲወጣ ይፈቅዳል። ደቡብ አፍሪካ ለአንድ ጠመንጃ 200 ፍሬ ትፈቅዳለች። ናሚቢያ ደግሞ 100። አውሮፕላኑ ጋ ሲደርሱ 5 ኪሎ አለ። ከእነዚህ ሁሉ እርስዎን የሚመለከተው ትንሹ ነው። ጥይቱም ይዘውት ከሄዱት ጠመንጃ ካሊበር (የአፈሙዝ ስፋት ልክ) ጋር መግጠም አለበት፤ «እዚያ ያለ ጓደኛዬ ይጠቀምበታል» ብሎ የሌላ ካሊበር ጥይት መጨመር ፈቃዱን ጭምር ያሳጣል።

ስንት ይበቃል? እኔ በሰባት ቀን ውስጥ አንድ አጋዘን፣ አንድ ሳላና ሁለት ከርከሮ ጥያለሁ። የጠመንጃው ማነጣጠሪያ መነጽር በጉዞ ተንቀሳቅሶ እንደሆነ ለማየት የተኮስኳቸውን አራት ጨምሮ የወጣው 11 ፍሬ ነው። አንዷን ከርከሮ ሁለት ጊዜ ስቻታለሁ፤ ይህም በ11 ውስጥ ተቆጥሯል። 40 ፍሬ ለእንዲህ ያለ ጉዞ ይበቃል፤ ይተርፋልም።

ጥይትን ልቅ አድርጎ መያዝ

በካልሲ ጠቅልሎ፣ በላስቲክ ቋጥሮ፣ በጃኬቱ የጥይት ማስገቢያ ላይ ሰክቶ መሄድ አይቻልም። ጥይት የተሞላ የጠመንጃ ካዝናም እንዲሁ ተገልጦ አይሄድም። ባዶ አድርገውት ይሂዱ፤ ክርክር አይኖርም።

«አንድ ላይ ይሁን ወይስ ለየብቻ?» የሚለውን በግምት መመለስ

አሜሪካ ውስጥ በትክክል የታሸገ ጥይት ከጠመንጃው ጋር በአንድ የተቆለፈ ሳጥን ውስጥ መሄድ ይችላል። ብዙዎቻችን ከዴንቨር ሞንታና ወይም አላስካ ስንበር የለመድነው ይህንን ነው። ባሕር ሲሻገሩ ግን ልማዱ አይሠራም። ጥይቱ ከጠመንጃው ተለይቶ፣ በሌላ ሻንጣ፣ በራሱ በተቆለፈ ሳጥን እንዲሆን የሚያዙ አየር መንገዶች አሉ። የሚታየው ትኬቱን የሸጠልዎ ድርጅት ደንብ ሳይሆን አውሮፕላኑን የሚያበረው ድርጅት ደንብ ነው። ትኬትዎ ላይ የአንዱ ስም ተጽፎ የሚሳፈሩት የሌላውን ሊሆን ይችላል። ሁለተኛውን በረራ የሚያበረው ማን እንደሆነ ይጠይቁና እሱ ጋ ይደውሉ፤ መሣሪያና ጥይት መያዝዎን አስቀድመው ያስመዝግቡ፤ መልሱንም በኢሜይል ያስላኩና አትመው ይያዙ። ስልክ ላይ «ችግር የለውም» ያለዎትን ሰው ባንኮኒው ላይ አያገኙትም።

እኔ አሁን በነባሪነት ለይቼ ነው የምሸክፈው። ጠመንጃው በራሱ ሳጥን፣ ጥይቱ በትንሽ የሚቆለፍ የፕላስቲክ ሳጥን፣ ያ ሳጥን ደግሞ በልብስ ሻንጣ ውስጥ። አንድ ላይ ይሁን ቢሉኝ መጨመር ቀላል ነው። ለይ ተብሎ ሌላ ሻንጣ ፍለጋ አውሮፕላን ማረፊያ ሱቅ መግባት ግን ኪስ ያራቁታል።

አራት ቀዳዳ፣ ሁለት ጓጉንቸር

የጠመንጃው ሳጥን ጎኑ ደረቅና ጠንካራ መሆን አለበት። የጨርቅ ማኅደር አይሆንም። ጠመንጃው ጥይት ያላጎረሰ፣ ቦልቱ (ጥይት ማጉረሻው ብረት) የወጣለት ይሁን። ሳጥኑ አራት የቁልፍ ቀዳዳ ካለው አራቱም ጓጉንቸር ይፈልጋሉ፤ ጫፉን ሳብ አድርጎ ጣት የሚያስገባ ክፍተት ካለ ተቆለፈ አይባልም። የአጎቴ ልጅ በሁለት ጓጉንቸር መጥቶ ነበር። መርማሪው አንዱን ጥግ ይዞ ወደ ላይ ሲስበው ሰደፉ ወለል ብሎ ታየ። ከዚያ በኋላ ያለውን መሯሯጥ እተወዋለሁ።

ቁልፉ በባለቤቱ እጅ ነው የሚቆየው። ቁልፉን ረስተው ለጭነት በሰጡት ሻንጣ ኪስ ውስጥ እንዳያስገቡት። ሳጥኑ ተፈትሾ እስኪያልፍ ድረስም ከአካባቢው አይራቁ፤ ክፈት ቢባል መክፈት ያለብዎ እርስዎ ነዎት። ቡናውን በኋላ ይጠጡታል።

ወረቀቱ ላይ ያለው ስምና ቁጥር

ከአሜሪካ ጠመንጃ ይዞ ወጥቶ መመለስ የሚፈልግ ሰው ከመነሳቱ በፊት ጉምሩክ ቢሮ ሄዶ ቅጽ 4457ን ያስሞላል። ጠመንጃውን በሳጥኑ ይዘው ይሄዳሉ፤ ሠራተኛው የመለያ ቁጥሩን ከቅጹ ጋር አመሳክሮ ማኅተም ይመታል፤ ክፍያ የለውም። ይህች አንዲት ወረቀት ሁለት ሥራ አላት። ሲመለሱ ጠመንጃው ከዚሁ የሄደ መሆኑን ታሳያለች፤ ደቡብ አፍሪካና ናሚቢያ ላይ ደግሞ የባለቤትነት ማስረጃ ትሆናለች። ቅጹ ጥግ ላይ የምትታይ የማብቂያ ቀን አለች። እሷ የቅጹን እትም እንጂ የእርስዎን ምዝገባ አትመለከትም፤ ሆኖም ከውቅያኖስ ማዶ ያለ ፖሊስ «ጊዜው አልፎበታል» ብሎ ሊያነባት ስለሚችል አዲሱን እትም ያስሞሉ።

ደቡብ አፍሪካ ሲገቡ የሚጠየቁት የፖሊስ ቅጽ 520 ነው። በጥቁር እስክሪብቶ ይሞላል። አስቀድመው ሞልተው መሄድ ይችላሉ፤ ፊርማውን ግን ፖሊሱ ፊት ነው የሚያኖሩት። እኔ ቤት ውስጥ በሰማያዊ ሞልቼ፣ ፈርሜም ሄጄ ነበር። ከአሥራ ምናምን ሰዓት በረራ በኋላ፣ እንቅልፍ ባላየ ዓይን፣ ግድግዳ ተደግፌ እንደገና ጻፍኩት። ቅጹ ላይ «የጥይት ብዛት» የሚል ቦታ አለ። የአጎቴ ልጅ ፓኬቶቹን ካዘዋወርን በኋላ ቁጥሩን አላስተካከለም ነበርና ወረቀቱ 0 ይላል፣ ሻንጣው 60። የእኔ ወረቀት ደግሞ 120፣ ሳጥኔ 60። ፖሊሱ የአጎቴን ልጅ አየ፣ ወረቀቱን አየ፣ እኔን አየ። «እናንተ ሁለታችሁ አብራችሁ ናችሁ?» ሲል ‹አዎ› ከማለቴ በፊት ትንሽ አሰብኩ።

ለእኛ ለሐበሾች ሌላም ጣጣ አለ፤ ስም። ፓስፖርት ላይ የአባት ስም እንደ ቤተሰብ ስም ይገባል፤ የዜግነት ወረቀት ላይ የአያት ይጨመራል፤ የጠመንጃው ደረሰኝ ላይ ሻጩ እንደሰማው ጽፎታል። በአንዱ ላይ አንድ ፊደል ሁለት ጊዜ፣ በሌላው ላይ አንድ ጊዜ። በአማርኛ ያው ነው፤ በላቲን ፊደል ግን ሁለት ሰው ነው። ትኬቱ፣ ቅጽ 4457፣ አደኑን ከሚያዘጋጅልዎ ድርጅት የሚላከው የግብዣ ደብዳቤና ቅጽ 520 ሁሉም ፓስፖርቱን ፊደል በፊደል ይከተሉ። ደብዳቤው ላይ ስምዎን ራስዎ ጽፈው ይላኩላቸው፤ በስልክ አይንገሯቸው።

አሜሪካ ውስጥ በተማሪነት ወይም በጎብኚ ቪዛ ያለ ሰው ደግሞ ከዚህ ሁሉ በፊት ሌላ ጥያቄ አለበት። በመሠረቱ ጠመንጃም ሆነ ጥይት መያዝ ተከልክሏል፤ የጸና የአደን ፈቃድ ያለው ሰው በልዩ ሁኔታ ይታያል። የጓደኛን ጥይት በራስ ሻንጣ «ልርዳህ» ብሎ መያዝ ለእንዲህ ያለ ሰው የስደት ጉዳዩን የሚያበላሽ ነገር ነው።

ሁለት ትኬት፣ አንድ ሌሊት

ርካሽ ስለሆነ ብቻ ጉዞውን በሁለት ትኬት መከፋፈል ጠመንጃ ለሌለው ሰው ብልኅነት ነው። ጠመንጃ ላለው አደጋ ነው፤ ምክንያቱም መሀል ላይ ሻንጣው በእጁ ይገባል። በእጁ ሲገባ ደግሞ በዚያ አገር ወይም በዚያ ክፍለ ግዛት ሕግ ሥር ነው።

እ.ኤ.አ. በ2005 ከዩታ ወደ ፔንሲልቬንያ ይሄድ የነበረ አንድ መንገደኛ ላይ የደረሰውን የአሜሪካ አዳኞች ሁሉ ያውቁታል። ሽጉጡን ባዶ አድርጎ ቆልፏል፤ ጥይቱንም ለብቻ ቆልፏል፤ ሲነሳ አስመዝግቧል። ኒው ጀርሲ፣ ኒውዋርክ ላይ ቀጣዩ በረራ አመለጠው። ሻንጣውን ተረክቦ ሆቴል አደረ። በማግስቱ ጠዋት ባንኮኒ ላይ «መሣሪያ አለኝ» ብሎ እንደ ሕጉ ሲናገር ታሰረ። ክሱ በኋላ ተነሳለት፤ እሱም ከሰሰ። እ.ኤ.አ. በ2010 የይግባኝ ፍርድ ቤቱ መሣሪያ ይዘው በክፍለ ግዛቶች የሚያልፉ መንገደኞችን የሚጠብቀው የ1986ቱ የፌዴራል ሕግ አያድነውም አለ። ሌሊቱን ሆቴል ውስጥ ሽጉጡና ጥይቱ በእጁ ስለነበሩ «በጉዞ ላይ ያለ» መንገደኛ ጥበቃ አልደረሰለትም። ፍርድ ቤቱ ጨምሮ እዚያው አውሮፕላን ማረፊያ ያሉትን ፖሊሶች ሄዶ ማነጋገር ይችል ነበር ብሏል።

ስለዚህ በኒው ዮርክ ወይም በኒው ጀርሲ በኩል ሲያልፉ በረራ ተሰርዞ «ሻንጣዎን ይውሰዱ» ቢባሉ አይቀበሉ። አየር መንገዱ ዘንድ ይደር። ፒጃማ ሳይለብሱ ማደር ምንም አይደለም። በአውሮፓ በኩል የሚያልፉ ደግሞ የትራንዚቱን አገር ደንብ ቀድመው ይጠይቁ፤ ከአውሮፕላን ወደ አውሮፕላን ለሚዘዋወር መሣሪያ እንኳ አስቀድሞ ፈቃድ የሚጠይቁ አሉ።

የአደኑን ቦርሳ ለሌላ ጉዞ መያዝ

ከዚህ ሁሉ የምፈራው ይህንን ነው፤ ጠመንጃ ይዞ የማያውቅ ሰውንም ሊያገኘው ይችላልና።

እ.ኤ.አ. በሚያዝያ 2024 አንድ የኦክላሆማ ሰው ከባለቤቱ ጋር ለመዝናናት በካሪቢያን አካባቢ ወዳሉት ተርክስ እና ካይኮስ ደሴቶች ሄዶ ነበር። ሲመለስ በእጅ ቦርሳው ውስጥ አራት የአደን ጥይት ተገኘ። ቦርሳውን ለአጋዘን አደን ይጠቀምበት ነበር፤ ጥይቶቹ ከዚያ የቀሩ ናቸው። ከኦክላሆማ ሲነሳ ፍተሻው አላያቸውም። በጊዜው በነበረው የደሴቶቹ ሕግ እንዲህ ያለ ጥፋት ከ12 ዓመት የማያንስ እስራት ያስከትል ነበር፤ ዳኛው ልዩ ምክንያት ካላገኘ በቀር። ሰውየው ከሳምንታት በኋላ በገደብ የታለፈ የ13 ሳምንት እስራትና የ2,000 ዶላር ቅጣት ተወስኖበት ወደ ቤቱ ተመለሰ። በዚያው ሰሞን ሌሎች አሜሪካውያንም በተመሳሳይ ጉዳይ እዚያው ተይዘው ነበር።

ይህን ዜና ካነበብኩ በኋላ ነው እህቴ የደወለችው። አዲስ አበባ ለሠርግ ልትሄድ ነው። «ወንድሜ፣ ያቺን ትልቋን ቦርሳህን አውሰኝ፤ ለእማዬ የምወስደው ዕቃ አልገባ አለኝ።» እሺ ብዬ ቦርሳውን ከጋራዥ አወጣሁ። ኪሶቹን አየሁ፤ ምንም የለም። ገለበጥኩት፤ አሸዋና የደረቀ ሣር ፈሰሰ። ልጥለው ስል አንድ ነገር ከታች በኩል እንደ ጠጠር ተንከባለለ። ገበሩ ከስፌቱ ላይ ሁለት ጣት ያህል ተተርትሯል። እጄን አስገብቼ በጨርቁና በገበሩ መካከል ስዳብስ የ30-06 ጥይት አንድ ፍሬ አገኘሁ፤ ነሐሱ ጠቁሯል። ከየትኛው ዓመት አደን እንደቀረች አላውቅም።

ያቺ ፍሬ ቦሌ ላይ ብትገኝ እህቴ ምን ትል ነበር? ኢትዮጵያ ውስጥ መሣሪያና ጥይት በአዋጅ ቁጥር 1177/2012 ነው የሚተዳደሩት፤ ያለ ፈቃድ ጥይት ይዞ መገኘት ወንጀል ነው። እሷ ጥይትና የከንፈር ቀለም ከሩቅ የማትለይ ሰው ናት። የባሌንና የአርሲን የደጋ አጋዘን ለማደን ከውጭ የሚመጡት እንኳ በቦሌ የሚያልፉት ፈቃዳቸውን አስቀድመው ይዘው፣ መሣሪያውን አስመዝግበው ነው። አዲስ ቦርሳ ገዝቼ ሰጠኋት። የእኔ ቦርሳ እጀታ ላይ አሁን ቀይ ፕላስተር ተጠምጥሟል፤ ቀይ ያለበት ዕቃ ከአደን በስተቀር የትም አይሄድም፣ ለማንም አይዋስም። ጃኬቱም፣ የወገብ ቦርሳውም እንዲሁ።

ሲፈትሹ በዓይን አይፈትሹ። ኪሱን ሁሉ ወደ ውጭ ይገልብጡ፣ ገበሩን በጣት እየጨመቁ ይሂዱ፣ የቡት ጫማ ውስጥ እጅዎን ያስገቡ። የተተኮሰ ባዶ ቀለህ ለልጅ ማስታወሻ ብሎ በእጅ ቦርሳ መያዝም ከዚሁ የሚመደብ ነው። አሜሪካ ውስጥ ቢያልፍ ሌላ አገር ያለ ፈታሽ ቀለህና ጥይትን ለመለየት አይገደድም።

ጥይቱን አስተካክሎ ሌላውን መርሳት

ባሩድና ጥይት የሚያቀጣጥለው ፕራይመር ለብቻቸው በየትኛውም ሻንጣ አይሄዱም፤ ጥይት በቤቱ የሚሞላ ሰው ይህን ይወቅ። የካምፕ ምድጃ ጋዝ፣ የድብ መከላከያ ርጭት፣ በየትም ቦታ ሲፋቅ የሚቀጣጠል ክብሪት፣ ቤንዚን የሚሸት ምድጃ ቤት ይቅሩ። የጠመንጃ ማጽጃ ፈሳሽ በአብዛኛው ተቀጣጣይ ነው፤ የሚያርፉበት የአደን ካምፕ ያለውን ይጠቀሙ። ቢላዋ በጭነት ሻንጣ።

ትርፍ የሊቲየም ባትሪና ፓወር ባንክ በተቃራኒው በእጅ ሻንጣ ብቻ ነው የሚሄዱት። ገደቡ 100 ዋት ሰዓት ነው፤ የተለመደው ባለ 20,000 ሚሊአምፒር ሰዓት ፓወር ባንክ 74 ገደማ ስለሆነ ያልፋል። የርቀት መለኪያውንና የእጅ ባትሪውን ትርፍ ባትሪ ከጥይቱ ሻንጣ ውስጥ ረስተው ካስገቡት፣ ሻንጣው በባትሪው ምክንያት ይከፈታል፤ ሲከፈት ጥይቱም ይታያል፤ ስምዎ በድምፅ ማጉያ ይጠራል።

ልብስን ሁሉ በአንድ ሻንጣ

ሻንጣ ይዘገያል። ጠመንጃ ቢዘገይ ካምፑ ያውሳል፤ ቡት ጫማ ግን በእግርዎ ልክ አያውስም። ቡቱን ተጫምተው ይብረሩ። መድኃኒት፣ መነጽር፣ አንድ ቅያሪ ልብስና የወረቀቶቹ ቅጂ በእጅ ሻንጣ ይሁኑ። ካሊበር ሲመርጡም እንደ 30-06፣ 308 ወይም 375 ያለ በየቦታው የሚገኝ ይሁን። እንግዳ ካሊበር ይዞ ሄዶ ጥይቱ የጠፋበት ሰው ጠመንጃው ዱላ ሆኖበት ይቀራል።

ወታደራዊ ጉራማይሌ ልብስ አሜሪካ ውስጥ የአዳኝ ልብስ ነው። ዚምባብዌና ዛምቢያ ውስጥ ግን ሲቪል ሰው ሊለብሰው አይፈቀድም። ካኪ ይልበሱ፤ አጋዘኑም ቅሬታ የለውም።

ናሚቢያ ለሚሄዱ፦ ሽጉጥ አይግባ።

ሲመለሱ መዘናጋት

አደኑ አልቋል፣ ሰውነት ደክሟል፣ ሻንጣው የሚሸከፈው እንዲያው በግርግር ነው። በዚህ ሰዓት ነው የተረፈው ጥይት በየኪሱ የሚበተነው። ካምፑን ከመልቀቅዎ በፊት በነበረው ምሽት ጠረጴዛ ላይ ደርድረው ይቁጠሩ፤ የገባው 60፣ የተተኮሰው 11፣ የቀረው 49 መሆን አለበት። 48 ከሆነ ያቺ አንዷ የሆነ ቦታ አለች፤ እስክትገኝ ይፈልጓት። እኔ የመኪናው ወንበር ሥር አግኝቻታለሁ። «ለአደን መሪዬ ስጦታ ልተውለት» ማለትም አይቻልም። ደቡብ አፍሪካ ውስጥ ጥይት የሚይዘው የዚያ ካሊበር ፈቃድ ያለው ሰው ነው፤ መሪውን ሳይጠይቁ ጥለውለት አይሂዱ።

የአጎቴ ልጅ ጥይቱን በትክክል ቆጥሮ፣ ቆልፎ፣ አስመዝግቦ ተመለሰ። የያዘው ግን ሌላ ነው። ደቡብ አፍሪካውያን ቢልቶንግ የሚሉትን፣ የእኛ ቋንጣ የሥጋ ዘመድ የሆነውን፣ ሁለት ኪሎ ያህል በካልሲ ጠቅልሎ ይዟል። ከዚያ የሚመጣ ሥጋ አሜሪካ አይገባም። ጉምሩክ ላይ «እርሻ ቦታ ነበርክ?» ሲባል ቡቱ ላይ ያለው ቀይ ጭቃ ስለሚመሰክርበት አዎ አለ። ወደ ውስጥ ወሰዱት። እኔ ውጭ ወንበር ላይ አርባ ደቂቃ ጠበቅኩ። ሲወጣ ቡቱ ታጥቦ፣ መድኃኒት ተረጭቶበት፣ ውሃ እያንጠባጠበ በላስቲክ ይዞታል። «ጥይቱን አላዩትም እንኳ» አለኝ፤ ዓይኑ ግን ቋንጣው የገባበትን ቢጫ በርሜል ያያል።